እናቴን መሞከሪያ ሳደርጋት

መካነ ሰላም ውስጥ የጤና መድን አባላት የሚመዘገቡበትን ድረ ገጽ ስንሠራ፣ ድረ ገጹን በራሱ የሚፈትሽ ፕሮግራም የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ደንቡ፣ ፍተሻው የራሱን የውሸት ሰው ፈጥሮ፣ ተጠቅሞበት፣ መልሶ እንዲሰርዘው ነው። እኔ ሰነፍኩ። ይህ ሁሉ እውነተኛ ሰው ተመዝግቦ ሳለ ምን አደከመኝ ብዬ፣ የአባልነት ቁጥሯን በቃሌ የማውቅላትን እናቴን መረጥኩ። ፕሮግራሙ እሷን ይፈልጋል፤ «በሕይወት ያለች» የሚል ካገኘ አረንጓዴ፣ ካጣ ቀይ ያሳያል።

እናቴ የምትኖረው ከመካነ ሰላም ራቅ ባለችው ማሻ አጠገብ ነው። ያኔ ታማ ተኝታ ነበር። መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩም ተቋርጦ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ወሬዋን አላገኘሁም። መረጃው የቆየ መሆኑን አሳምሬ እያወቅኩ፣ በየጠዋቱ አረንጓዴውን ሳይ ደህና ናት እያልኩ ራሴን እሸነግል ነበር።

መንገዱ በተከፈተ ማግስት አንድ ባልደረባችን ከማሻ አዲሱን የአባላት መረጃ በፍላሽ ይዞ መጣ። ተጭኖ እንዳበቃ ፍተሻውን አስኬድኩት። ቀይ ሆነ። መዝገቧን ስከፍተው «በሞት የተለየች» ይላል። ከመፍራት መናደድ ስለቀለለኝ ወደ መረጃ መዝጋቢያችን ሄድኩ፤ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ ረጋ ያሉ የወሎ ቦረና ሰው ናቸው።

«በቁም ሰው ትገድላላችሁ እንዴ?» ብዬ ጮህኩባቸው። «እናቴ ናት። ያስተካክሉልኝ።»

ስክሪኑን ብዙ አዩት። «አብሽር፣ ስህተት ይሆናል» አሉና በገዛ እጃቸው «በሕይወት ያለች» አደረጉት። ደግሜ አስኬድኩት፤ አረንጓዴ ሆነ። ምሳ ጋበዙኝ። ለሳምንታት እንደዚያ በልቼ አላውቅም። ሁለቴ አጎረሱኝ። ስለ ጩኸቴ ይቅርታ ስጠይቃቸው ቀና ብለው አላዩኝም።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ጎረቤቶቼ፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎች፣ ከኋላ ደግሞ እሳቸው ቆመዋል። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። እናቴ ከተቀበረች ዘጠኝ ቀን ሆኗታል። ፍላሹን ያመጣው ሰው መርዶውንም ለእሳቸው ነግሯቸው ኖሯል። መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ ነውና እስኪነጋ ደብቀውኛል።

ሐዘን በተቀመጥኩ በሦስተኛው ቀን አጠገቤ ሲቀመጡ ጠየቅኳቸው። «እያወቁ እንዴት ቀየሩት?»

«ወላሂ፣ አንድ ቀን እንኳ እናት ይኑርህ ብዬ ነው» አሉኝ።

መዝገቧን በቀየሩልኝ ቀን ስስቅ ነበር የዋልኩት።