ተራራ የወጡት ሰዎች ኢንተርኔት

ሰው ያልተጠቀመበት ኢንተርኔት የት ነው የሚሄደው? እኔ እስካሁን አልገባኝም።

የምሠራው ዓረብ አገር፣ ዛልቃ የሚባል ሰፈር ነው፣ አንዲት አሮጊት ማዳም ቤት። ልጄን ናቲን ጡት ሳላስጥለው ደብረ ብርሃን ለእህቴ ትቼው ነው የመጣሁት። እንዳይረሳኝ ስለምፈራ በየቀኑ በቪዲዮ እደውላለሁ። ግን የሕንፃው ሰው ሁሉ የሚጠቀመው በአንድ መስመር ስለሆነ ምስሌ እዚያ እንደ ፎቶ ደርቆ ይቀራል፤ ድምፄ ብቻ እየተቆራረጠ ይደርሳል።

ነሐሴ ላይ ሙቀቱ ሲጠና ጎረቤቱ በሙሉ ቀዝቀዝ ወዳለው ተራራ ወጣ። እኔና ማዳሜ ብቻ ቀረን። የኢንተርኔቱ ሰውዬ መስመሩን የሚያከፋፍለውን ሣጥን ሊያይ መጥቶ "ያላ ቢንቲ፣ በይ ልጄ፣ አሁን ደውዪ" አለኝ። "የእነሱ ድርሻ ያኒ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ሣጥኑ እዚህ ለቀረው ሰው እንዲሰጥ አድርጌዋለሁ።"

በረንዳ ወጥቼ ደወልኩ። ሕንፃው ጭር ብሏል፤ ባሕሩ ከሙቀቱ የተነሳ ነጭ ሆኗል። ናቲ እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቶ መጣ። የሽፋሽፍቱን ጥላ ሳይቀር ጉንጩ ላይ አየሁት። በሕልሜ ይሁን በውኔ እንጃ፣ የአንገቱ ጠረን ሁሉ የመጣልኝ መሰለኝ። "ናቲዬ" ብዬ እጄን አውለበለብኩለት።

ሮጦ እህቴ ጉያ ገባ።

"እማዬ እኮ ናት፣ ሰላም በላት እንጂ" አለችው።

"አይደለችም" አላት እያለቀሰ። "የኔ እማዬ አትንቀሳቀስም።"

ጎረቤቶቻችን መስከረም ላይ ይመለሳሉ። እስከዚያ እስኪለምደኝ እየተንቀሳቀስኩ ልደውል ወይስ የሚያውቃት እናቱን መስዬ ዝም ብዬ ልቀመጥለት? እናቶች፣ እባካችሁ ምከሩኝ።