ያልወረድኩት ቁልቁለት

ይህን ነገር ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ንስሐ ስገባ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን እናገራለሁ፤ እዚህ ጋ ስደርስ ዘልዬ አልፋለሁ። የሚያውቁት አንድ ሰው አሉ፤ ለእሳቸውም የነገርኳቸው እኔ አይደለሁም። ዛሬ ለአንተ፣ ለማታውቀኝ አንባቢ፣ ልናገር።

አምደወርቅ ከተማ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ታሪክ ሲደርሰኝ ዘመድ ሁሉ አዝኖልኝ ነበር። አጎቴማ፣ "ታሪክ ተምረህ ደግሞ ምን ልትሆን ነው? ተረት ልትነግረን?" ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን ወደድኩት። የአገሬ ሽማግሌዎች እሳት ዳር የሚያወሩት ነገር ተጠይቆ፣ ከሌላው ሰው ቃል ጋር ተመዛዝኖ እንደሚጻፍ ያወቅኩት እዚያ ነው። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። ውለታውን የመለስኩት ግን በውሸት ነው።

ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት የራሴን ቀዬ ነበር፤ ደሃና ወረዳ ውስጥ ያሉ ሁለት ጎጦችን። የእኛ ጎጥ ከላይ ነው፣ ሌላው ከቁልቁለቱ ሥር። በመካከላቸው አንዲት ምንጭ አለች። በበጋ ማን ከብቱን አስቀድሞ ያጠጣ በሚል ሲጨቃጨቁ ነው ያደግኩት። አያቴንም አጎቶቼንም ጠየቅኩ፤ ምንጯን የቆፈሯት የእኛ አባቶች ናቸው አሉኝ። አማካሪዬ አነበበና፣ "ይሄ የአንድ ወገን ወሬ ነው። ታች ያሉትን ሳትሰማ እንዳትመጣ" አለኝ። ከታችኛው ጎጥ የድሮውን ነገር የሚያውቁት ደግሞ እማማ ደብሬ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ።

ሄድኩ። አፋፉ ላይ ቆሜ ወደ ታች አየሁ። ቤታቸው ይታየኛል፤ ደጃፉ ላይ የተቀመጠ ሰውም ይታየኛል። ፀሐዩ ያቃጥላል። ወርጄ ስመለስ የሰቆጣው መኪና ያመልጠኛል። ደግሞስ ምን አዲስ ነገር ሊነግሩኝ ነው? ተመለስኩ። ከዚያም ቁጭ ብዬ፣ እማማ ደብሬን እንዳነጋገርኳቸው፣ እሳቸውም ምንጯን የቆፈሯት የላዮቹ ናቸው እንዳሉኝ ጻፍኩ። አማካሪዬ ሁለቱ ወገኖች መስማማታቸውን ወዶ ጥሩ ውጤት ሰጠኝ።

መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣ ወረቀት ማንን ይጎዳል ብዬ ነበር። አባቴን ረስቼው ነው። አባቴ አንዱን ቅጂ በነጠላ ጠቅልሎ አስቀምጦት ኖሯል። መምህር ከሆንኩ በኋላ፣ ዝናብ የቀረ ዓመት ጭቅጭቁ ባሰና ሽማግሌ ተቀመጠ። አባቴ ወረቀቱን ይዞ ተነሣ፤ እኔም አንብብ ተባልኩ። አነበብኩ። የራሴን ውሸት፣ በራሴ አፍ፣ በሁለቱ ጎጥ ሰው ፊት አነበብኩ። እማማ ደብሬ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠው ይሰሙኛል።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እሳቸው ዞሩ። "እማማ ደብሬ፣ ለልጁ እንዲህ ብለውታል?"

ቀና ብለው አዩኝ። "መጥቶም አያውቅ" ቢሉ አለቀልኝ፤ እንጀራዬም፣ የአባቴም ክብር። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

"ብዬው ይሆናል" አሉ። "አርጅቻለሁ እኮ፤ እረሳለሁ።"

ውሃው ለእኛ ተፈረደ። ሰው ሲበተን በአጠገቤ አለፉና ቀስ ብለው በአገራችን ቋንቋ በኽምጣንኛ፣ "ያን ቀን አፋፉ ላይ ቆመህ አይቼሃለሁ። ብትወርድ እርጎ ነበረኝ" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ የልጃቸው ከብቶች እኛ አጠጥተን የተረፈውን ጭቃ ውሃ ነው የሚጠጡት። የባሰው ግን ሌላ ነው። የድንበር ነገር ይሁን የዝምድና፣ እሳቸውን የሚጠይቅ ጠፋ። "እሳቸውማ ይረሳሉ" ይባላል።

እንደምንም ደፍሬ አንድ ቀን ቁልቁለቱን ወረድኩ። ምን አመጣህ አላሉኝም፤ ተቀመጥ አሉኝ። ምንጯን በክፉ ዘመን ሁለቱም ጎጦች አብረው እንደቆፈሯት ነገሩኝ። ተራውም የላይ የታች ሳይባል፣ አራስ ካለችበት ቤት ይጀመር ነበር አሉኝ፤ ወተቷ እንዳይነጥፍ። ይህን ከእኛ ሰፈር አንድም ሰው ነግሮኝ አያውቅም።

"ለምን አዳኑኝ?" አልኳቸው።

"ከሥራህ ቢያባርሩህ ማን መጥቶ ይጠይቀኛል?" አሉ፣ እየሳቁ።

እግዚአብሔር ይስጣቸው። ተማሪዎቼን እየያዝኩ ስንቴ ቤታቸው ሄድኩ! ዛሬ መምህር ነኝ የምል ከሆነ በእሳቸው ምሕረት ነው። ግን ስማኝ፤ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጬ፣ ያቀረቡልኝን በልቼ፣ የነገሩኝን ሁሉ ሰምቼ፣ ወደ ላይ ወጥቼ ዝም አልኩ። የውሃው ቅድሚያ እስከ ዛሬ የእኛ ነው። ያን ቀን ደክሞኝ ነበር እንበል፤ ከዚያ በኋላስ ምን ነካኝ? ምስጋና በልብ ብቻ ምን ያደርግላቸዋል?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ እንዲቀመጡ ጠይቄአለሁ። አባቴም ይኖራል። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ መኪና ሊያመልጠኝ ነበርም አልልም። አንተንም ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅርታው የእሳቸው ነው፣ እሳቸው ደግሞ ሳልጠይቃቸው ሰጥተውኛል። ቆሜ የምናገረው አጭር ነው። እማማ ደብሬ ምንም አልረሱም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።