የወይራው ደጋን

ጎብዬ ከተማ ላይ በአንድ አናጢ ቤት በኩል ሳልፍ የተላገ ወይራ ሸተተኝና ቆምኩ።

በደርግ ጊዜ አጎቴ አያ ሰይድ ቆቦ ውስጥ አናጢ ነበር። ከአሮጌ በር የተረፈ የወይራ ሳንቃ ለምኜው፣ ዝንጀሮ ከማሽላችን በቀስት የማባርርበትን ደጋን መሥራት ጀመርኩ። ከሳንቃው ግማሽ የሠራሁት የመጀመሪያው ለሁለት ተሰበረ፤ ቶሎ እንዲጎብጥልኝ ብዬ የሚለመጠውን ቦታ ብቻ ነበር የፋቅሁት። አያ ሰይድ ስብርባሪውን አገላብጦ አየና፣ «የሚታዘዝሽን ለምን ታቀጥኚዋለሽ? እምቢ ያለሽን ፋቂ» አለኝ።

በቀረው ግማሽ ሳንቃ ሌላ ጀመርኩ፤ በጠርሙስ ስባሪ ሳምንት ሙሉ ፋቅሁት። ጅማቱን አስሬ ስወጥረው ሁለቱም ጫፎች እኩል ጎበጡ። አያ ሰይድ ተቀብሎ ከሥራ ቤቱ በር በላይ ሰቀለው።

በማግስቱ የጦር መሣሪያ የሚመዘግብ የቀበሌ ታጣቂ መጣና ቀና ብሎ አየው።

«ይሄስ የማን ነው?»

«የዚች ልጅ። በገዛ እጇ የሠራችው ነው፤ በስሟ መዝግበው» አለ አያ ሰይድ፣ ፈገግም ሳይል።

ታጣቂው እርሳሱን አወጣና ስሜን ጠየቀኝ። ይጻፈው አይጻፈው ዛሬም አላውቅም። እኔ ግን እስከ ቅድመ አያቴ ቆጥሬ ነገርኩት።