ብሎን ያሰረው ገመድ

የጎዳናው ሕዝብ ሆይ፣ አቧራህን አራግፈህ፣ ጆሮህን ጠርገህ ቁም! ብሎን በሚል ቅጽል ስም የሚጠራው፣ የሞተር ሳይክል ጌጣጌጥ ገጣሚው፣ የሁለት ሜትር ሱቅ ገዥ፣ የፒንሳና የመፍቻ ጌታ፣ ከእጁ የወጣ ሥራ ሁሉ እንከን እንደማይገኝበት በገዛ አፉ አውጇል። ሌላ ማን ያውጅለት?

ለነገሩ ሰውየው ሰነፍ አልነበረም። ተጨማሪ መብራት ሲገጥም ፊውዝ አይረሳም፤ የጎን ሳጥን ሲሰቅል ከጭስ ማውጫው ያርቀዋል፤ ያጠበቀውን ብሎን ተመልሶ ያጠብቃል። ቅጽል ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። ጣጣው የላላ ገመድ ማየት አለመቻሉ ነው፤ ጥርሱን ያመዋል። ስለዚህ መሪውን ቀጥ አድርጎ ያቆምና ገመዶቹን በጥቁር የፕላስቲክ ማሰሪያ እንደ ሹሩባ ጥርቅም ያደርጋቸዋል። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ራሱን ያደንቃል። መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙሮ መሞከር? እሱ የጀማሪ ሥራ ነው!

አንድ ጠዋት የእህቱ ባል፣ ፖስተኛው፣ ከፍ ያለ መሪ አስገጠመ። ከፍ ያለ መሪ ረጅም የነዳጅ ገመድ፣ ማለትም እጀታው ሲጠመዘዝ ነዳጅ የሚለቀውን ገመድ፣ ይፈልጋል። ብሎን ግን አሮጌውን ስቦ አደረሰውና አሰረው።

«ቶሎ በል እንጂ አማቼ! እህትህ ሐኪም ቤት እየጠበቀችኝ ነው፤ የእግሯ ጀሶ የሚፈታው ዛሬ ነው።»

«ሂድ፣ ሂድ! ንግሥት አስመስዬልሃለሁ።»

«እህትህን ነው ሞተሩን?»

«እሷንማ አንተ አበላሽተሃታል።»

ፖስተኛው እየሳቀ ሄደ።

ብሎን ቁጭ አለ፤ ተነሣ፤ ደግሞ ቁጭ አለ። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይሆንለትም። ደጅ የቆመ የሌላ ደንበኛ ሞተር ነበር፤ ባለፈው ሳምንት እንዲሁ መሪ ቀይሮለታል። ወደ ጥግ ሊያስጠጋው አስነሥቶ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ። ሞተሩ ማንም ነዳጅ ሳይሰጠው ጮኸ። ቀጥ ሲያደርገው ዝም አለ። ሲጠመዝዘው ጮኸ። ያ እንደ ሹሩባ ያማረ ገመድ ተወጥሮ ነዳጁን በራሱ እየሳበ ነው።

ከሐኪም ቤት ወደ እህቱ ቤት ሲኬድ ቁልቁለት አለ፤ ከግርጌው ድልድይ፤ ድልድዩ ጋ ድንገት ወደ ግራ የሚታጠፍ መንገድ።

ደወለ፤ አይነሣም። ሄልሜት ያጠለቀ ሰው ምን ይሰማል? አጠገቡ ያለውን ሞተር እንዳይነዳ የገዛ ማሰሪያውን ፈራ። ሱቁን ሳይዘጋ በእግሩ ሮጠ።

«ብሎን! ምን ላላብህ?» አለው ጫማ ጠጋኙ።

ሌላ ቀን ቢሆን ለዚህ የሚሆን ስድብ አያጣም ነበር። ዛሬ ዞሮም ሳያየው አለፈ።

ድልድዩን ተሻግሮ ዳገቱን ሲጀምር አያቸው። ፖስተኛው ላብ በላብ ሆኖ ሞተሩን ፍሬን እየያዘ በእግሩ ያወርዳል። እህቱ ሄልሜቷን እንደ ቅርጫት አንጠልጥላ፣ ከጀሶ በወጣ እግሯ እያነከሰች ትከተላለች።

«ከሐኪም ቤቱ በር ስንወጣ ወደ ግራ ቢያዞረው ጮኾ ሊወረወር!» አለች። «ውረድ ያልኩት እኔ ነኝ። እሱማ ‹ወንድምሽ የሠራው ነው፣ ምንም አይለውም› ብሎኝ ነበር።»

«እህት ዓለም...»

«ዝም በል! እንዲያምርልህ ብለህ ነዋ እንዲህ የተበተብከው። ስንት ሞተር ነው እንዲህ ያሰርከው?»

ብሎን በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ። ጣቶቹ አለቁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ መቀመጫው እሾህ ሆኖበታል። የሞተር ድምፅ በሰማ ቁጥር ከሱቁ ዘሎ ይወጣና «ቁም!» ይላል። ግማሾቹ ክላክስ ነፍተውበት ያልፋሉ፤ ክላክሱን የገጠመላቸውም እሱ ነው። እስካሁን ሦስቱን አግኝቶ ገመዱን በረጅም ቀይሯል። የቀሩት የት እንዳሉ አያውቅም። የደንበኛ ስልክ ቁጥር ይዞ አያውቅማ! እንከን የሌለው ሰው የደንበኛ ቁጥር ምን ያደርግለታል?

እና አንተ እያነበብክ የምትስቀው ጌታዬ፣ ደጅህ ሞተር ከቆመ፣ ገመዱም በጥቁር ማሰሪያ አምሮ ከተጠረቀመ፣ ሳቅህን ለጊዜው ዋጥ አድርገህ ውጣ። ከማርሽ አውጣው፤ አስነሣው፤ እጅህን ከነዳጁ እጀታ አንሣና መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አዙረው። ከጮኸ፣ አትንዳው፤ እየገፋህ ወደ ሱቁ ውሰደው፤ ብሎን የሚፈልገው አንተን ነው።