የመጨረሻዋ አሃዝ

ጋሽ ነጥብ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ፊዚክስ ሲያስተምሩ አንዲት ነጥብ፣ አንዲት ዜሮ የዘለለ ልጅ ከቀይ እስክሪብቷቸው አምልጦ አያውቅም። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደረቅ ናቸው እንጂ።

በየዓመቱ መጀመሪያ ያችኑ ትምህርት ያስተምራሉ። ሚሊሜትር የሌለው፣ ሴንቲሜትር ብቻ የተሰመረበት ማስመሪያ ይዘው ይገቡና ዴስክ ያስለካሉ። አንዱ 62.3 ይላል፣ ሌላው 62.4 ብሎ ይሟገታል።

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» ይላሉ። «ስልሳ ሁለቱን የነገራችሁ ማስመሪያው ነው። ከነጥብ በኋላ ያለችውን ግን እናንተ ናችሁ የገመታችኋት። የመጨረሻዋ አሃዝ ምንጊዜም ግምት ናት።»

ከዚያ 0.00050 ብለው ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ። የፊተኞቹ ዜሮዎች ቦታ ጠባቂ ናቸው፤ በሳይንሳዊ አጻጻፍ 5.0 × 10⁻⁴ ሲባል ይሰናበታሉ። የኋለኛዋ ዜሮ ግን አትነካም፤ ሰው እዚያ ድረስ ለክቶ እንደነበር የምትመሰክረው እሷ ናት።

የዛሬ ሰባት ዓመት የታላቅ እህታቸው ልጅ እሳቸው ክፍል ነበረች። ጉልበታቸው ላይ ያደገች፣ «አጎቴ» ስትላቸው ሆዳቸው ቅቤ የሚጠጣላት ልጅ ናት። የነርስ ማሠልጠኛ ተቀብሏት የፊዚክስ ውጤቷን ብቻ ይጠብቅ ነበር። በማጠቃለያው ፈተና 5 × 10⁻⁴ ብላ ዜሮዋን ጣለች። አንድ ማርክ ተቀነሰባት። ድምሩ አርባ ዘጠኝ መጣ፤ ማለፊያው ሃምሳ ነው።

ደረቅ ናቸው አልን እንጂ፣ አርባ ዘጠኝ ላይ የቆመ ልጅ ሲገጥማቸው ወረቀቱን ዳግም ማገላበጥ ልማዳቸው ነበር። የሷን አላገላበጡም። ለዘመዱ አዳላ መባልን ፈሩ። እህታቸው «ዓይንህን ላፈር» አለች፤ እንዳለችውም አደረገች። ልጅቷ ዓመቱን አልደገመችም። ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ያለ ኮፒ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ሆና ገባች።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ነጥብ ደንዝዘዋል። ምሳቸውን ይበላሉ፣ ምን እንደበሉ ቢጠየቁ አያውቁም። ሲስቁላቸው ይስቃሉ። በየመንፈቁ ፈተናቸውን በእጃቸው ጽፈው ኮፒ ቤቱ ይሄዳሉ፤ እሷም እንደማንኛውም ደንበኛ በ«እርስዎ» ተቀብላ ትተይብላቸዋለች። ሌላ ኮፒ ቤት ሞልቷል። እሳቸው ግን አንድ ቀን ተሳስታም ቢሆን «አጎቴ» ብትለኝ ብለው ነው የሚመላለሱት።

ዘንድሮ ያችኑ ትምህርት ሲያስተምሩ ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ የፈተና ውጤትስ? እሱም ልኬት አይደል?»

ክፍሉ ሳቀ። ጋሽ ነጥብ ጠመኔያቸውን እንደያዙ ቆሙ።

«ነው» አሉ።

«የመጨረሻዋስ አሃዝ?»

«እሷም ግምት ናት።» ደወሉ ተደወለ፣ ተማሪዎቹ ወጡ፣ እሳቸው ሰሌዳውን ሳያጠፉ ቀሩ።

መንፈቁ ሲያልቅ ፈተናውን ይዘው ኮፒ ቤቱ ሄዱ። የእህታቸው ልጅ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ ትተይብ ጀመር። ሰባተኛው፣ የ0.00050ው ጥያቄ ላይ ስትደርስ፣

«ይሄ ዘንድሮም አለ» አለች፣ ስለ አየሩ እንደምታወራ ሁሉ።

ጋሽ ነጥብ መደርደሪያውን ተደገፉ።

«አርባ ዘጠኝሽን የገመትኩት እኔ ነኝ» አሉ። «አንዱ ማርክ ከእጄ ነው። ሃምሳም ሊሆን ይችል ነበር። ወረቀትሽን ዳግም ያላየሁት ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነው።»

ጣቶቿ ቆሙ። ከጀርባዋ ማሽኑ የሌላ ሰው ወረቀት እያወጣ ይደረድራል።

«አውቃለሁ» አለች። «ያኔውኑ አውቄዋለሁ። የመጨረሻዋ ግምት ናት ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

የቀረውን መስመር ተይባ ጨረሰችና ወረቀታቸውን መለሰችላቸው።

«ስንት ኮፒ ይሁን፣ መምህር?»