እቴናትና ዝም ያለው ጫካ

እቴናት ጌሾዋን ለመልቀም ወደ ጫካው ስትሄድ፣ ከመግባቷ በፊት ዳር ላይ ቆማ ታዳምጣለች። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ባለው በእኛ ሰፈር ሰው ሁሉ ያደገው እንዲህ ነው። ወፎቹ ከተንጫጩ ግባ፣ ዝም ካሉ ተመለስ። ወፍ ጭጭ የሚለው አውሬ ሲያይ ነው። በተለይ ሶሪት፣ ያቺ ክንፏን ስትዘረጋ ቀይ የምታሳየው ወፍ፣ ነብር ሲያልፍ ካየች አንዴ ጮኻ ዝም ትላለች፤ ሌሎቹም ይከተሏታል። እኔ አሥረኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ ልጄን አዝዬ ጭራሮ ለቀማ ስሄድ ግን እንደ እናቴ ቆሜ ነው የማዳምጠው።

እቴናት ጎረቤቴ ናት። ከአርባ ያለፈች፣ ቀጭን፣ አፏ የማያርፍ ሴት። ባሏ ሲሞት የተወላት አንድ ክፍል ቤትና በጫካው ውስጥ የተከለውን ጌሾ ነው። ቅጠሉን ለቅማ፣ አድርቃ ለጠላ ጠማቂዎች ትሸጣለች። የምትበላውም የምትለብሰውም ከዚያ ነው። ሌላ ያላት ሀብት አንዲት ያረገዘች በግ ብቻ ናት።

ጫካው ድሮ አንድ ነበር። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት የጠጠር መንገድ መሐሉን ሰንጥቆት አለፈ። በመንገዱ ተደስተን ነበር፤ እኔም ምጥ ሲይዘኝ በጋሪ ሐኪም ቤት የደረስኩት በእሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን አንዱን ወገን «ላይኛው»፣ ሌላውን «ታችኛው» ማለት ጀመርን። ታችኛው ጫካ በየዓመቱ ዳር ዳሩ ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ፣ በባሕር ዛፍ እየተከበበ ሄደ። የእቴናት ጌሾ ያለው እዚያ ነው።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ታችኛው ጫካ ዝም አለ።

ጠዋት ዝም። ቀትር ላይ ዝም። ከብት ሲገባም ዝም። እቴናት ዳር ላይ ቆማ ቆማ ባዶ ቁናዋን ይዛ ተመለሰች። በማግስቱም እንዲያው ሆነ። ሰፈሩ ልጆቹን ከደጅ ማስገባት ጀመረ። እኔም ልጄን ከጀርባዬ ማውረድ ፈራሁ፤ ውኃ ስቀዳ እንኳ ክብደቱ እንዳለ ለማረጋገጥ በእጄ ወደ ኋላ እዳስሰው ነበር። በዚህ ላይ የባለ ሱቋ የሸሪፋ ሁለት ዶሮዎች ጠፉ፤ ያን ጊዜ የሚጠራጠር ሰው አልቀረም። ነብር ገብቷል ተባለ።

እሑድ የዕድራችን ዳኛ አቶ ዋኘው ሰውን ሰበሰቡ።

«ታችኛውን ጫካ እንመነጥረዋለን» አሉ። «መሸሸጊያ ካጣ ይሄዳል። ቅዳሜ ሁላችሁም መጥረቢያችሁን ይዛችሁ ኑ።»

እቴናት ተነሣች። «ጌሾዬስ፣ አቶ ዋኘው? ዛፉ ሲወድቅ ጌሾዬን ደፍጥጦት ነው።»

«ጌሾ ተመልሶ ይበቅላል። ልጅ አይበቅልም።»

ይህን ሲሉ የኔን ጀርባ አዩ። ሰዉም አየ። እቴናት ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ ደግሞ ማዘያዬን አጠበቅሁ። ልጄ አንገቴ ሥር ይተነፍሳል።

ሐሙስ ዕለት እቴናት ከመቆረጡ በፊት የቻለችውን ልትለቅም ወሰነች። «ዳር ላይ ብቻ ቁሚልኝ» አለችኝ። «ብጮህ ሰው ጥሪ። ካልጮህኩ ደግሞ... ያን ጊዜም ጥሪ።» ልጄን ለሸሪፋ ሰጥቼ ተከተልኳት። ማጭዷን አጥብቃ ይዛ ገባች። እግሯ ቅጠል ሲረግጥ እየሰማሁ ቆየሁ፤ ከዚያ ኮቴዋ ቆመ።

«ነይ!» አለች፤ ድምፅዋ ቀጭን ሆኗል። «ነይ እዪ።»

ከአንድ ትልቅ የዶቅማ ዛፍ ሥር ቆማለች። መሬቱ በወደቀ የዶቅማ ፍሬ ጠቁሯል፤ በስብሶ እንደ ጠላ አተላ ይሸታል።

«ዶቅማ መቼ መሬት ደርሶ ያውቃል?» አለች። «ወፍ ነው ከላይ የሚጨርሰው። ነብር ፈርታ የተደበቀች ወፍ ቢርባት ትወጣለች። ይኼ የስንት ቀን ነው?»

«ታዲያ ወፎቹ የት ሄዱ?»

በአገጯ ወደ ማዶ አመለከተችኝ። በዛፎቹ መሐል መንገዱ ይታያል። ከመንገዱ ማዶ፣ በላይኛው ጫካ፣ አንዲት ሶሪት በቅርንጫፍ ላይ እየሮጠች ጫፍ ደረሰች። መንገዱን አየች፤ ሶሪት ደግሞ ከዛፍ ዛፍ እንጂ ገላጣ ላይ መውጣት አትወድም። ተመልሳ ወደ ውስጥ ገባች። ያን ጊዜ ገባኝ፤ የታችኛው ጫካ ዳር እየተቆረጠ ክፍተቱ ሰፍቶ፣ ወደ ላይኛው የሄዱት ወፎች መመለሻ አጥተዋል።

አቶ ዋኘውን ሸሪፋ ሱቅ በር ላይ አግኝተን ነገርናቸው። ሰሙን፤ አላመኑንም። «የበሰበሰ ፍሬ አይቼ የሰው ልጅ አላስበላም» አሉ። «ነብር የለም ካልሽ፣ ነገ ያቺን በግሽን እዚያ እሰሪያት። ከብት እስኪገባ ከቆየች መጥረቢያው ይቀራል።»

«የእኔን በግ?»

«ታዲያ የኔን ልሰር?»

ሸሪፋ ልጄን እያስተኛች ሳቀች። «እሷም አጠገቧ ትቀመጥ፤ ነብሩ የእቴናትን ምላስ ከሰማ አገር ለቆ ይሄዳል።»

እቴናት አልሳቀችም። «እሺ» አለች።

በማግስቱ በጓን ወይራ ላይ አሰረቻት። እኔ ልጄን ዳግም ለሸሪፋ ሰጥቼ መጥቼ፣ ሁለታችን ራቅ ብለን ቁጥቋጦ ሥር ተቀመጥን። እንዲያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም፤ ጆሮዬ ውስጥ የራሴ ደም ይሰማኛል። በጓ ራሷን ቀና ባደረገች ቁጥር የእቴናት ጣቶች ክንዴ ውስጥ ይገባሉ። ወደ ማምሻው ላይ አንድ የደረቀ ግንድ ቋ! ብሎ ተሰብሮ ወደቀ። ሁለታችንም ተደፋን። ቀና ስንል ገመዱ ተበጥሷል፤ በጓ የለችም።

«ወሰዳት!» አለች እቴናት። «አርግዛ ነበር እኮ፣ አርግዛ ነበር...» ማጭዷን ይዛ ሮጠች። እኔም ብቻዬን መቅረቱ ስለባሰብኝ ተከተልኳት።

በጓ ከዶቅማው ሥር ቆማ ነበር። አፏ፣ አገጯ፣ ደረቷ ድረስ ጠቆር ያለ ቀይ ነው። እቴናት ጮኸች። በጓ ግን አየችንና ማላመጧን ቀጠለች፤ ከከንፈሯ የዶቅማ ፍሬ ወደቀ።

እየሳቅን እያለቀስን ይዘናት ስንወጣ ወንዶቹ ጩኸቱን ሰምተው መጥተዋል። አቶ ዋኘው የበጓን አፍ ሲያዩ ዘንጋቸውን ጣሉ። «ደም!»

«ዶቅማ ነው፤ ይቅመሱት» አለች እቴናት።

አቶ ዋኘው በጣታቸው ነክተው አሸተቱት። ከዚያ ወደ ጫካው አዩ። «መጥረቢያው ይቀራል» አሉ በመጨረሻ። «ግን እንግዲህ ነብር ከሌለ፣ ምን ያስፈራሻል? ፊትሽ ለምን ጠቆረ?»

«ነብርማ ይመጣል ይሄዳል፣ አቶ ዋኘው። ወፎቹ ሄደው ካልተመለሱ፣ ነብር በመጣ ቀን ማን ይነግረኛል?»

አቶ ዋኘው ዘንጋቸውን አነሡ።

ክረምቱ ሲገባ እቴናትና እኔ የብሳናና የዋንዛ ችግኝ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተከልን። ቅርንጫፎቹ አድገው ከላይ ከተገናኙ ሶሪት ትሻገራለች ብዬ አስባለሁ፤ ብሳና ቶሎ ያድጋል፣ ልጄ ትምህርት ቤት ሲገባ ይደርሳል። አቶ ዋኘውም በጎች እንዳይበሉት እሾህ አመጡልን። የእቴናት በግ ወልዳለች፤ የመጀመሪያውን ችግኝ የበላችውም እሷው ናት።

እቴናት አሁንም ከመግባቷ በፊት ዳር ላይ ቆማ ታዳምጣለች። ምንም አይሰማም። ማጭዷን አጥብቃ ትይዝና ትገባለች፤ እኔም እስክትወጣ ድረስ ልጄን አዝዬ እጠብቃታለሁ።