«ሽታ የለውም» የሚለው ፊርማ

ከዓሣ ቆዳና ቅርፊት ፕሮቲን በሚያወጣ ፋብሪካ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ወለሏ በየማለዳው በሙቅ ውኃ ብቻ ይታጠባል፤ ሳሙና አይነካውም። ፋብሪካው በሙሉ ዓሣ ዓሣ ሲል እርሷ ብቻ ምንም አትሸትም። በዚህች ክፍል ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራውን ሰው ባልደረቦቹ «ጋሼ አፍንጫ» ይሉታል። አምላክ ለአንዱ ድምፅ፣ ለሌላው ብርታት ሲያድል ለእርሱ አፍንጫ አድሎታልና።

ሥራው ላየው ሰው ቀላል ነው። ቆዳውና ቅርፊቱ ታጥቦ በትልልቅ የብረት በርሜሎች ይቀቀላል። ኢንዛይም የሚባለው ነገር ፕሮቲኑን ፔፕታይድ ወደሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ይቆራርጠዋል፤ ከዚያም ተጣርቶና ደርቆ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይወጣል። ብስኩት ጋጋሪዎች ከሊጥ ጋር ይቀላቅሉታል፤ መድኃኒት ቤቶች በእንክብል ይሸጡታል፤ ማኘክ ያቃታቸው አረጋውያን በሾርባ ይጠጡታል። ጠላቱ አንድ ነው፤ የዓሣ ሽታ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ምርት አንድ ማንኪያ በሙቅ ውኃ ተበጥብጦ፣ በክዳን ታፍኖ ለጋሼ አፍንጫ ይቀርባል። እርሱ ክዳኑን ገለጥ አድርጎ ያሸታል። «ሽታ የለውም» ብሎ ሲፈርም ከረጢቱ ይታሸጋል። ከእርሱ በኋላ ብርጭቆውን የሚያሸት ሰው አልነበረም፤ ሽማግሌን እንደ መጠራጠር ይቆጠር ነበርና።

ይህን ጸጋ ለመጠበቅ ሲል ሽንኩርት አይቀምስም። ሚስቱም ስለ እርሱ ስትል ሽቶ መቀባት ትታለች። ሠራተኞቹ በመተላለፊያው ሲያልፍ አፋቸውን በእጃቸው ይከድናሉ፤ ቁርሳችንን አንድ በአንድ ይቆጥርብናል እያሉ ይሥቃሉ።

ባለፈው ክረምት ጉንፋን ያዘው። ጉንፋኑ በሳምንቱ ለቀቀው፤ ማሽተቱ ግን አብሮ ሄደ። ብርጭቆውን አነሣ፤ ምንም የለም። ነገ ይመለሳል ብሎ ፈረመ። በነጋታውም እንዲሁ። የሥራው ነገር እንዲህ ነውና፤ ጥሩው ዱቄት የማይሸተው ነው፤ ማሽተት ለማይችል ሰው ደግሞ ሁሉም ጥሩ ነው። ጸጋውን የሰጠ አምላክ መልሶ ቢወስደው አልበደለውም። በደሉ የእርሱ ነበር፤ መወሰዱን ደበቀ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እቤቱ፣ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ሳለ ወተት አረረ። ሚስቱ ከግቢ እየሮጠች ገባች። አይሸትህም እንዴ ብትለው ሐሳብ ይዞኝ ነው አላት። ድስቱን ስትፈገፍግ ቆየች፤ ሁለተኛም አልጠየቀችውም።

ሦስት ወር ካለፈ በኋላ አንድ ብስኩት ጋጋሪ አርባ ከረጢት መለሰ። የአረጋውያን መጦሪያ ብስኩቱን አልበላም ብሎ ነበር፤ የዓሣ ሽታው አፍ አያስጠጋም። ሥራ አስኪያጁ ጉዳዩን ለማየት ወደ ጠባቧ ክፍል መጣ። ጋሼ የፈረመበት ንጹሕ ነው፤ እንግዲህ የተበላሸው መጋዘን ውስጥ እርጥበት አግኝቶት ነው ብሎ ደመደመ። መጋዘን ጠባቂዋ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ከዚያው ምርት በጠርሙስ ታሽጎ የተቀመጠ ናሙና እንዲከፈት ለመነች። ናሙናው መጋዘኔን አልረገጠም፤ ከሸተተ እኔ ነጻ ነኝ አለች።

«ጋሼ ይፍረዱኝ» አለች። «እርስዎ አይሸትም ካሉ ቁልፌን ራሴ አስረክባለሁ።»

ናሙናው ተበጠበጠ። ጋሼ አፍንጫ ክዳኑን ገለጠ፤ በላዩ አጎነበሰ። እውነቱን ቢናገር ክፍሉም ስሙም ይቀርበታል፤ ቢዋሽ የሁለት ልጆች እንጀራ ይቋረጣል። ይህን እያወቀ፣ አፉ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመደውን ተናገረ።

«ሽታ የለውም።»

ሥራ አስኪያጁ እጁን ለቁልፉ ዘረጋ። ሴትዮዋ ግን ብርጭቆውን ልጠበው ብላ አነሣች፤ በር ላይ ስትደርስ ከመድፋቷ በፊት ክዳኑን አነሣች። ቆመች። ክዳኑን መልሳ፣ ቀስ ብላ ተመልሳ ብርጭቆውን በጋሼ ፊት አኖረችው። ልትጮኽ ትችል ነበር፤ አልጮኸችም።

«ጋሼ፣ የክረምቱ ጉንፋን ለቀቀዎ?» ስትል በለሆሳስ ጠየቀችው።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። የጣለችለትን ገመድ አየ፤ ከጥፋቱ ይልቅ ደግነቷ አቃጠለው።

«አልለቀቀኝም፣ ልጄ» አለ። «ከክረምት ወዲህ ምንም ሸትቶኝ አያውቅም። የፈረምኩት ሁሉ ውሸት ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ብርጭቆውን አንሥቶ አሸተተ፤ ፊቱንም ወዲያው አዞረ። ቁልፉ ከሴትዮዋ ጋር ቀረ። ጋሼ አፍንጫ ነጭ ካፖርቱን አውልቆ አጣጥፎ አኖረ። ወሬው ቀድሞት ወጥቶ ነበርና በመተላለፊያው ሲያልፍ አፉን የከደነ አንድም ሰው አልነበረም።

እቤቱ ገብቶ ከሚስቱ ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ ዓይኗን ግን ማየት አልቻለም። ሁሉን ነገራት። ሲጨርስ፣ እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ እንዳሻሽ ሽቶ ተቀቢ አላት።

«የወተቱ ቀን ነው ያወቅሁት» አለችው። «ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ስቀባ ነው የከረምኩት። ትነግረኛለህ ብዬ ስጠብቅ ጠርሙሱ አለቀ።»

እጇን ያዘ። እንደ ልማዱ ወደ አፍንጫው አስጠጋው፤ ከዚያም አንገቱን ደፋ።